የታሸገችው የሙሽራ መኪና

የመኪናዋ በር እጀታ ተነቅሎ ዳውድ እጅ ላይ ቀረ።

እጀታውን አየው፣ በሩን አየው፣ ተመልሶ እጀታውን አየው። ጥቁር ሱፉን ለብሶ፣ ክራባቱን አስሮ፣ ጫማውን ወልውሎ ሆላንድ፣ ሻርሎይስ ሰፈር ካለው አፓርታማቸው በታች መንገዱ ዳር ቆሟል። «ይቺ መኪና ቀን ስትጠብቅ ነው የከረመችው» አለ ቀስ ብሎ።

ልጁ መዲና የሕንፃው መግቢያ ላይ ሆና ታየዋለች። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ለሠርጉ የተሰፋላትን አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳ የትምህርት ቤት ጃኬቷን ደርባበታለች። ልትስቅ ነበር፤ የአባቷን ጆሮ ስታይ ግን ሳቋን ዋጠችው። ዳውድ ሲቆጣ መጀመሪያ የሚቀላው ጆሮው ነው፤ አሁን ደግሞ ሁለቱም ጆሮዎቹ በርበሬ መስለዋል።

መኪናዋን የለበሳት ተራ አመዳይ አልነበረም። ከጣሪያዋ እስከ ጎማዋ ጠጣር በረዶ ገጥሟታል። በሮቿ ከአካሏ ጋር ተጣብቀው የት ጀምረው የት እንደሚያልቁ አይለይም። የጎን መስተዋቶቿ ላይ የበረዶ ጢም ተንጠልጥሏል። ለሙሽራዋ ተብሎ ከፊት ኮፈኗ ላይ የታሰረው ነጭ ሪባን እንደ ጣውላ ደርቋል፤ የፕላስቲክ ጽጌረዳዎቹም በረዶው ውስጥ ተቀብረው ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ለነገሩ ያምር ነበር። ያን ጊዜ ግን ያምራል ለማለት የሚደፍር ሰው አልነበረም።

የመዲና አክስት፣ የእናቷ እህት ፋሪዳ ዛሬ ታገባለች። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ዴን ሃግ ከተማ ማዘጋጃ ቤት ቀርባ መፈረም አለባት። የማዘጋጃ ቤቷ ሴትዮ ቀጠሮውን ስትሰጥ ፈገግ ብላ፣ «ካረፈዳችሁ ቀጣዩ ባዶ ቦታ በመጋቢት ነው» ብላለች። በዚህ አገር ሕግ ደግሞ እዚያ ሳይፈርሙ ኒካህ አይታሰርም፤ ኒካሁ ከጁምዓ ሶላት በኋላ እዚያው ትራንስቫል በሚባል ሰፈር በሚገኝ አዳራሽ ተደግሷል። የፋሪዳ አባት በሕይወት የሉም። የሚድሯት አጎቷ አባባ ይመር ናቸው። ለዚሁ ብለው ከኮምቦልቻ መጥተዋል፤ ቪዛቸው እሑድ ያበቃል። ስለዚህ ይቺ መኪና ዛሬ ካልተከፈተች ሠርጉ የለም ማለት ነው። ባቡሮቹ በብርዱ ምክንያት ከትናንት ጀምሮ ቆመዋል። ታክሲ ጣቢያው ሲደወልለት ሙዚቃ ያሰማል እንጂ አያነሳም። ሰዓቱ ሁለት ሰዓት አልፏል።

ዳውድ ጎንበስ ብሎ ከጎማው አጠገብ አንድ ነገር አየ። ሰማያዊ ባልዲ ነው። ውስጡ ያለው ውሃ ድንጋይ ሆኗል፤ ስፖንጁም ከመሃሉ ብቅ ብሎ ቀርቷል።

«ሰው አጥቧታል» አለ። «በዚህ ብርድ። በዚህ ውርጭ መኪና ያጠበ ሰው አለ። መዲና፣ ማነው ያጠባት?»

መዲና ዓይኗን ከባልዲው ላይ አነሳች።

ጠዋት ጠዋት የመኪናዋን መስታወት መፋቅ የእሷ ሥራ ነው። ሲጀመር ቅጣት ነበር። ኅዳር ላይ ክፍል ውስጥ በስልኳ የፒንግ መልእክት ስትልክ ተይዛ አባቷ፣ «ለአንድ ሳምንት እኔ ሻይ ስጠጣ አንቺ በረዶ ትፍቂያለሽ» ብሎ ፈረደባት። ሳምንቱ ሲያልቅ ግን መዲና ቢጫ መፋቂያዋን አልመለሰችም። ዳውድ ልጄ አደብ ገዛች ብሎ ደስ አለው፤ እሷም እውነቱን አልነገረችውም።

እውነቱ፣ ሥራውን ወዳው ነበር። ሌላው ሰው ሁሉ ተኝቶ መንገዱ የእሷ ብቻ ሲሆን ትወዳለች። ደረቅ አመዳይ እንደ ዱቄት ይበናል፤ ሲነኩት ይለቃል። ከዝናብ በኋላ የሚመጣው ግን ልበ ደንዳና ነው፤ በመፋቂያው ጥግ መጀመሪያ ካልጫሩት አይሰማም። አንዳንድ ቀን መስታወቱ ላይ ሰው ያልሳለው ቅጠልና ላባ ይሣላል፤ ያን ቀን ከየት ጀምራ እንደምታበላሸው ግራ ገብቷት ትቆማለች። ከሁሉም የምትወደው የመጀመሪያዋን መስመር ነው። ነጩ መስታወት ላይ አንዴ ከላይ እስከ ታች ስትስበው ጥቁር ንጹሕ መንገድ ይከፈታል። ይህን ሁሉ ለጓደኞቿ ብትነግራቸው እስከ ሰኔ ድረስ ይስቁባታል።

ማን እንዳጠባት ታውቃለች። በዚህ ብርድ የታጠበ መኪና ምን እንደሚሆንም ታውቅ ነበር። የሚከነክናት ይህ ነው።

ትናንት ከትምህርት ቤት ስትመለስ አባቷ ወንበር ለማጓጓዝ በባልደረባው ቫን ሄዷል፤ እናቷ ሽታዬ ፋሪዳን ይዛ ሒና ልታስቀባ ወጥታለች። አባባ ይመር ብቻቸውን የሕንፃው በር ላይ ቆመው መኪናዋን ይመለከታሉ። ከመጡ ጀምሮ ማሞቂያው አጠገብ ተቀምጠው «ይብሉ»፣ «ይጠጡ» ከመባል በቀር ሥራ የሚሰጣቸው አላገኙም። ብርጭቆ እንኳ ሊያነሱ ቢሞክሩ ሦስት ሰው ይነጥቃቸዋል። አሁን ግን ሥራ አገኙ። መንገዱ ላይ የሚበተነው ጨው መኪናዋን ከጎማ እስከ መስኮት አመድ አስመስሏታል።

«መዲንዬ» አሉ። «የወንድሜ ልጅ፣ አባቷን አፈር የበላባት፣ በአመዳም መኪና ትዳራለች? ውሃ አምጪልኝ የኔ ሸጋ።»

መዲና አፏን ከፈተች። ዓረፍተ ነገሩ በሆላንድኛ ተሰካክቶ ተቀምጧል፤ ወደ አማርኛ ስታመጣው ግን ተበታተነ። ትልቅ ሰውን ተሳስተዋል እንዴት ይባላል? ያውም ከዚያ ሁሉ አገር አቋርጠው የመጡ። እናቷ ሳምንቱን ሙሉ «እርስዎ በይ፣ አንተ አትበይ» እያለች ምላሷን አስራዋለች። አባባ ይመር ኮታቸውን አውልቀው እጅጌያቸውን ሰብስበዋል። ፊታቸው ላይ ሳምንቱን ሙሉ ያልታየ ደስታ አለ። መዲና ፎቅ ወጥታ ሞቅ ያለ ውሃ በባልዲው ሞልታ አመጣች። መንዙማ እያንጎራጎሩ ሲያጥቡ ሁለተኛውንም ጨመረችላቸው። ሪባኑንና አበባዎቹን አብረው አሰሩ፤ አባባ ይመርም በላያቸው አንዴ ውሃ ደገሙ። «ማሻአላህ፣ ሙሽራ መሰለች» ብለው እጃቸውን አሻሹ። መዲናም ፈገግ ብላ በሆዷ፣ ምናልባት ሌሊቱ ይሞቅ ይሆናል ስትል ራሷን አታለለች። ሌሊቱ አልሞቀም።

«እኮ፣ ማነው?» አለ ዳውድ።

በዚህ መሃል በሩ ተከፈተና አባባ ይመር ወጡ። አዲሱን ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ነጭ ኮፍያቸውን ደፍተው፣ መቁጠሪያቸውን ይዘዋል። ፈገግ እያሉ ነበር የወጡት። መኪናዋን አዩ። ባልዲውን አዩ። ዳውድ እጅ ላይ ያለውን እጀታ አዩ። ፈገግታው ከፊታቸው ላይ ቀስ እያለ ሲወርድ መዲና አየች።

«እኔ ነኝ» አለች።

«ምን?»

«እኔ ነኝ ያጠብኳት። ቆሽሻ ነበር።»

ዳውድ ለመናገር አፉን ከፈተ፤ ሽማግሌው ፊት መጮህ ስላልሆነለት ቃሉ ሁሉ ወደ ጆሮው ሄደ። «አንቺ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከዚህ ሁሉ ሰው አንቺ። ሦስት ወር ስትፍቂ ከርመሽ።» ከዚያ ቀና ብሎ ወደ ሦስተኛው ፎቅ ተጣራ። «ሽታዬ፣ ውሃ አፍይልኝ። በትልቁ ማንቆርቆሪያ።»

ሽታዬ ማንቆርቆሪያውን በሁለት እጇ ይዛ ወረደች። ከኋላዋ ፋሪዳ ነጭ ቀሚሷን ሰብስባ፣ በላዩ የዳውድን ወፍራም የሥራ ጃኬት ደርባ መጣች። መኪናዋን ስታይ ዓይኗ ቀስ ብሎ ሞላ፤ ኩሏ እንዳይበላሽ ቀና ብላ ወደ ሰማይ አየች። መዲና አክስቷ ስታለቅስ አይታ አታውቅም።

ዳውድ ማንቆርቆሪያውን ተቀብሎ ወደ ፊተኛው መስታወት ሲሄድ መዲና ቀደመችው። ጀርባዋን ለመስታወቱ ሰጥታ እጆቿን ዘረጋች።

«አይሆንም አባዬ።»

«ዞር በይ መዲና።»

«መስታወቱ ይሰነጠቃል። የሜኔር ቪምን ረሳኸው? ባለፈው ዓመት የፈላ ውሃ ደፍቶበት ከዳር እስከ ዳር ነው የተሰነጠቀው። ያን ቀን ራስህ ነህ የሳቅክበት።»

ሜኔር ቪም፣ በአማርኛ አቶ ቪም፣ ምድር ቤት የሚኖር ጎረቤታቸው ነው። ዳውድ የሳቀበትን ቀን አልረሳም፤ አሁን መስማት ግን አልፈለገም። «ሰዓቱን ታያለሽ? አጥበሽ የዘጋሽብን አንሶ አሁን ደግሞ መምህር ሆንሽብኝ?»

ይህ ገባባት። ያላጠበችውን አጠብኩ ማለቷ አንድ ነገር ነው፤ አሁን ደግሞ የምታውቀውን ልትናገር ስትል ያው ውሸት አፏን ሊዘጋባት ነው። ዞር ብትል ማንም አይፈርድባትም፤ መስታወቱ ቢሰነጠቅም ጥፋቱ የአባቷ ነው። እግሯን ግን አላነቃነቀችም። «ልታፈሰው ከፈለግክ እኔ ላይ አፍስሰው» አለች።

«ዳውድ» አሉ አባባ ይመር ከኋላ። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል። ልጅቷን ስማት።»

ዳውድ ማንቆርቆሪያውን አስፋልቱ ላይ አስቀመጠ። «እሺ፣ መምህርት። ክፈቻት።»

መዲና ትንፋሿን ሰበሰበች። መኪናዋ አሮጌ ናት፤ ቁልፍ የሚገባባት ሁለት ቦታ ብቻ ነው። አንደኛው የሾፌሩ በር ነበር፤ እጀታው አሁን የዳውድ ኪስ ውስጥ ነው። ሁለተኛው ከኋላ ወደ ላይ የምትከፈተው ትልቋ በር ናት። የቁልፏን ቀዳዳ በረዶ ሞልቶታል።

«ማቅለጫ ስፕሬይ ገዝቼ ነበር እኮ» አለ ዳውድ።

«የት ነው?» አለች ሽታዬ።

ዳውድ ወደ መኪናዋ ውስጥ ጠቆመ። ስፕሬዩ ከፊት ወንበሩ አጠገብ ካለው መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል። የሁሉም ሰው ስፕሬይ እዚያው ነው የሚቀመጠው፤ በዚህ መንገድ ዳር የመዲናን ያህል ብዙ ጠዋት የቆመ ሰው ይህን ያውቃል።

«እማዬ፣ ጄልሽን» አለች መዲና።

ሽታዬ አረጋውያንን እየዞረች የምትንከባከብ ናት፤ የእጅ ማጽጃ ጄል ከኪሷ አይለይም። ሠርግም ሆነ ለቅሶ ይዛው ትሄዳለች። መዲና ጄሉን በቁልፉ ላይ ቀባች፣ ቀዳዳው ላይ ጨመቀች፣ ጠበቀች፣ ደግማ ቀባች። አልኮሉ በረዶውን እየበላ ሲገባ ጣቷ ተሰማው። ቁልፉ ግማሽ ገባ። ትንፋሿን እፍ አለችበት። ሙሉውን ገባ። አዞረችው፤ ቀጭ አለ።

ዳውድ ዘሎ ሊስብ ሲል እጁን ያዘችው። «አትሳብ። ስበህ አይደለም እጀታውን የነቀልከው? ስትስበው የበሩ ዳር ጎማ ይቀደዳል። መጀመሪያ ይገፋል፤ ሲገፋ ዙሪያውን ያለው በረዶ ይሰበራል። አባባ፣ ናና እዚህ ተደገፍበት።»

«ይደገፉ በይ!» አለች ሽታዬ ደንግጣ።

«ይደገፉ» አለች መዲና ጆሮዋ እየቀላ፤ እሱንም ከአባቷ ነው የወረሰችው።

«ተያት ሽታዬ» አሉ አባባ ይመር ካፖርታቸውን እያስተካከሉ። «ዛሬ አለቃዋ እሷ ናት።» ጀርባቸውን ለመኪናዋ ሰጥተው ተደገፉ፤ ዳውድም በትከሻው ተጨመረ። በረዶው ከውስጥ እንደ ደረቅ ቆሎ ቀጭ ቀጭ አለ። ከዚያ ዙሪያውን ረጅም ስንጥቅ ሮጠ። መዲና በሩን ወደ ላይ ስታነሳው ሰሌዳ ሰሌዳ የሚያህል በረዶ አስፋልቱ ላይ ተንኮታኮተ፤ ፋሪዳም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

«አሁን ማን ነው የሚገባው?» አለ ዳውድ ጠባቧን ቀዳዳ እያየ። ለሠርጉ የሚሆኑ የለስላሳ ሳጥኖች እስከ ጣሪያው አቅራቢያ ተደርድረዋል። ሁሉም አረንጓዴውን ቀሚስ አዩት። መዲናም አየችው። ሦስት ወር የጠበቀችው ቀሚስ ነው፤ ፎቶውን ለክፍሏ ልጆች ሁሉ ልትልክ ቃል ገብታለች። ጃኬቷን አውልቃ ለእናቷ ሰጠችና በሳጥኖቹ ላይ በሆዷ ተሳበች።

መኪናዋ ውስጥ ፀጥ ያለ ነጭ ብርሃን ነበር። በሁሉም መስኮት በኩል ዓለም የለም፤ በረዶው ብቻ ያበራል። ቤት ሠርተው የሚደበቁበት ዓይነት ቦታ ነው። ጊዜ ቢኖራት ትንሽ ትቀመጥበት ነበር። ወደ ፊት ወንበር ተንሸራታ መቆለፊያዎቹን ወደ ላይ ሳበች፣ በሁለት እግሯም በሩን ከውስጥ መታችው። ከውጭ አባባ ይመር «አብሽሪ መዲንዬ፣ በርቺ» ሲሉ ሰማች። ሁለተኛ ስትመታው በሩ ተከፈተ፤ ቀዝቃዛው አየርና የአባቷ ፊት አንድ ላይ ገቡ።

«ቁልፉን ስጪኝ» አለ ዳውድ።

መዲና መሪው ፊት እንደተቀመጠች ናት። «እኔ ላስነሳት?»

ዳውድ ሰዓቱን አየ፣ ሚስቱን አየ፣ ልጁን አየ። «ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው ርገጪ። የእጅ ፍሬኑን እንዳትነኪ።»

ቁልፉን አዞረችው። መኪናዋ እንደ አሮጌ ሰው አስነጠሰችና ዝም አለች። ደግማ አዞረችው፤ ተንጠራራችና ዝም አለች። መንገዱ ላይ ማንም አይተነፍስም ነበር። መዲና መሪውን መታ መታ አድርጋ፣ «ቶ ኑ፣ በናትሽ» አለቻት፤ በሁለቱም ቋንቋ እንድትሰማት ብላ። በሦስተኛው ሞተሩ ያዘና መላ መኪናዋ ተንዘፈዘፈች። ከኋላ ጭሱ ሲወጣ ሽታዬ እልል አለች። ሜኔር ቪም በፒጃማው መስኮቱ ጋ ብቅ አለ።

የቀረው የፊት መስታወቱ ነው። መዲና ማሞቂያውን ወደ መስታወቱ አዙራ ወጣችና ቢጫ መፋቂያዋን አነሳች። አባቷም እናቷም የባንክ ካርድ እያወጡ ሊያግዟት ሲሉ ከለከለቻቸው። ይህ በረዶ ቢታገሉት አይሰማም። በመፋቂያው ጥግ ዙሪያውን ጫረችው፣ ከታች የሚመጣው ሙቀት መስታወቱ ላይ ግማሽ ጨረቃ እስኪሠራ ጠበቀች፣ ከዚያ መፋቂያውን ከሥሩ አስገብታ ቀስ ብላ አነሳችው። መጀመሪያ እንቢ አለ። ከዚያ አንድ ነገር ለቀቀ፤ የመስታወቱን ግማሽ የሚያህል የበረዶ ገበታ ሳይሰበር ሙሉውን ተንሸራተተ። አባባ ይመር በሁለት እጃቸው ተቀበሉት።

ወደ ፀሐይዋ አንስተው በውስጡ አዩ። «ያ ረቢ» አሉ። «ጦሳ ተራራ ላይ ውርጭ አይቻለሁ። ይሄን ግን አላየሁም።» ሊጥሉት አልወደዱም። ሜኔር ቪም መስኮት ሥር ግድግዳውን አስደግፈው አስቀመጡት።

በር የሚያህል መስታወት ንጹሕ ሆኖ ሲገለጥ ዳውድ ፊቱን በእጁ አሸት አድርጎ መዲናን አያት። ክፍት በነበረው የሾፌር በር ገብቶ ተቀመጠ።

ከማስ ወንዝ ሥር ባለው ዋሻ አልፈው ወደ ዴን ሃግ የሚወስደውን አውራ ጎዳና ሲይዙ የዳውድ ምላስ ተፈታ። «ልጄ ነሽ፣ እወድሻለሁ፤ ዛሬም አውጥተሽናል፣ አልክድም። ግን ትንሽ ጭንቅላት ያለው ሰው በዚህ ብርድ ውሃ...»

«ዳውድ» አሉ አባባ ይመር ከጎኑ። «ልጅቷን ተዋት። መኪናዋን ያጠብኳት እኔ ነኝ።»

ዳውድ መንገዱን አየ። መዲና ከኋላ ሆና የአባቷን ጆሮ አየች፤ ቀስ እያለ ቀለሙን ሲቀይር ይታያል።

«ደግ አደረጉ አባባ» አለ ዳውድ በመጨረሻ። «ጨው ሊበላት ነበር።»

ፋሪዳ በሳቅ ፈነዳች። ሽታዬ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ሳቋ ግን በጎን አመለጠ። መዲና፣ «አባዬ!» ልትል ብላ ከእነሱ ብሳ ሳቀች። አባባ ይመርም ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ዓይናቸውን በመሐረብ ይጠርጋሉ። ሳቁ ሲበርድ ዳውድ በመስታወቱ ውስጥ ልጁን አያት። «ለምን እኔ ነኝ አልሽ?»

«ውሃውን ያመጣሁት እኔ ነኛ» አለች መዲና። «እንደሚቀዘቅዝም አውቅ ነበር። መናገር ፈራሁ።»

«ማንን ፈርተሽ?» አሉ አባባ ይመር ዞር ብለው። መዲና ከሳጥኖቹ ቀሚሷ ላይ የቀረውን ጭቃ በጣቷ ጫረች። «ሌላ ጊዜ ንገሪኝ» አሉ እሳቸው። «እንደ አመጣልሽ ንገሪኝ። ሽታዬ ብትቆጣ ለእኔ ተያት።»

ማዘጋጃ ቤቱ ደጃፍ ሲደርሱ ሙሽራው በብርድ ሰማያዊ ሆኖ መንገዱን ያያል። ሰዓቱ ገና ነበር። ፊት ለፊት ያለው መስታወት ንጹሕ ይሁን እንጂ የኮፈኑ በረዶ አልቀለጠም። የጠዋቷ ፀሐይ ሪባኑንና በበረዶ ውስጥ የታሸጉትን ቀይ ጽጌረዳዎች ስታገኛቸው አላፊ አግዳሚው ቆሞ ስልኩን አወጣ። የምታጋባቸው ሴትዮ እንኳ መዝገቧን ይዛ በር ድረስ ወጥታ መኪናዋን ማን እንዳስጌጣት ጠየቀች። መዲና ጥያቄውን ከሆላንድኛ ተረጎመችላቸው። አባባ ይመር ደረታቸውን ነፋ አድርገው፣ «እኔና እሷ» አሉ። ፎቶ ሲነሱም ፋሪዳ መዲናን ከነጭቃው ቀሚሷ ጎትታ አጠገቧ አቆመቻት። ጭቃው ከፊት ነበር፤ በደንብ ይታያል። መዲና ያን ፎቶ ነው ለክፍሏ ልጆች የላከችው።

በማግስቱ ቅዳሜ ጠዋት መዲና በድምፅ ነቃች። የምታውቀው ድምፅ ነው፤ መፋቂያ መስታወት ላይ ሲሄድ። ግን አልጋዋ ውስጥ ናት። አባቷም በድካም ሲያንኮራፋ ይሰማል። ተነስታ መጋረጃውን ገለጠች።

አባባ ይመር ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ነጭ ኮፍያቸውን ደፍተው፣ መንዙማ እያንጎራጎሩ ይፍቃሉ። ከላይ እስከ ታች አንዴ ይስቡና ቆም ብለው የከፈቱትን መስመር ያደንቃሉ። የዳውድን መኪና ጨርሰዋል። አሁን የሜኔር ቪም ላይ ናቸው። ከእሱ ወዲያ ያሉት የማይታወቁ ሰዎች መኪኖችም መስታወታቸው ፏ ብሏል። ሜኔር ቪም የሻይ ኩባያውን ይዞ በመስኮቱ አፉን ከፍቶ ያያቸዋል።

መዲና በዚህ አገር የሰው መኪና ሳይጠየቁ እንደማይነካ ታውቃለች። ዓረፍተ ነገሩም ዛሬ ተሟልቶ አፏ ላይ አለ፤ በአማርኛ፣ ከነ«እርስዎ»ው። ጃኬቷን በፒጃማዋ ላይ ደረበች። ከወጥ ቤቱ መሳቢያ የእናቷን ጊዜው ያለፈበት የጤና መድን ካርድ አወጣችና በደረጃው ወረደች።

«አባባ» አለች።

«እህ የኔ ሸጋ?» ዞር አሉ። ጢማቸው ላይ አመዳይ ይዟል፤ ዓይናቸው ይስቃል።

መዲና መንገዱን አየች። በሌላው በኩል እስከ ማዕዘኑ ድረስ ነጭ የለበሱ መኪኖች ተሰልፈዋል፤ አንዳቸውም ገና አልተነኩም።

«በመፋቂያው ጥግ መጀመሪያ ይጫሩት» አለች። «ያኔ ይለቃል።»

ካርዷን ይዛ ወደሚቀጥለው መኪና ሄደችና የመጀመሪያዋን መስመር ከላይ እስከ ታች ሳበች።

«ስንት ቀረን?» አሉ አባባ ይመር።

«ብዙ።»

«ሸጋ» አሉ፤ ወደ ሥራቸውም ተመለሱ።